የዳሽቦርድ መብራት የሚናገረውና የማይናገረው

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ መብራት ድንገት ሲበራ አሽከርካሪው አስቀድሞ የሚያማክረው ብዙውን ጊዜ ሌላ አሽከርካሪን ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መናኸሪያዎችና ጋራዦች «ዘይት ጨምርበት»፣ «ሴንሰሩን ቀይረው»፣ «የባትሪውን ገመድ ነቅለህ መልሰው፤ ይጠፋል» የሚሉ ምክሮች በነፃ ይለገሳሉ። መተጋገዙ መልካም ነው። ሆኖም ከምክሮቹ የሚረዳውን ከሚጎዳው ለመለየት መብራቱ ለምን እንደሚበራ ማወቅ ያስፈልጋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሐረጎ ቁልቁለት ስላለ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነው።

መብራቱ የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው?

መብራት የተበላሸውን ዕቃ አያውቅም። የሚያውቀው ከጀርባው ያለው ሴንሰር የሚለካውን አንድ ነገር ብቻ ነው። የሞተር ዘይት መብራት የዘይቱን ግፊት፣ የባትሪ መብራት የኃይል መሙያውን ሁኔታ ይከታተላል። የባትሪው መብራት ሲበራ ባትሪው ደኅና ሆኖ ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

የፍሬን መብራትም እንዲሁ ነው። በብዙ መኪኖች የሚበራው የእጅ ፍሬን ሲያዝ ወይም የፍሬን ዘይት መጠን ሲቀንስ ነው። በዘይቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ዝቅ ሲል መብራቱን ያበራል። መጠኑ ለመጉደል በተቃረበ ጊዜ መኪናው ሲያዘቀዝቅ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል መብራቱ ቁልቁለት ላይ በርቶ ሜዳ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «መቼ በራ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው። የፍሬን ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ዘይቱ ወደ መንኰራኩሮቹ ስለሚወርድ በማጠራቀሚያው ያለው ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ሸራውን ሳያዩ ዘይት ብቻ መጨመር መብራቱን ያጠፋል፤ አደጋውን ግን ይሸፍነዋል።

መብራት የማያየው ሙቀት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ይህንን 650 ሜትር ሲወርድ 9.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህ 32 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ ይበቃል። ሠላሳ ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና የሚለቀው ደግሞ ከሦስት በርሜል በላይ ውኃ በዚያው መጠን ያሞቃል። ጉልበቱ በከፊል በአየርና በሞተር ተቃውሞ ቢባክንም ማርሹ ቀላል ከሆነ አብዛኛው ወደ ፍሬኑ ይሄዳል።

የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል። ውኃ ሲጠጣ ግን ይህ ዝቅተኛ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፤ ይታመቃል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ እስከ ወለሉ ይወርድለታል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በዚህ ጊዜ የዘይቱ መጠን ስላልጐደለ ተንሳፋፊው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ መብራቱም ላይበራ ይችላል። እንግዲህ መብራት አለመብራቱ የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም። መፍትሔው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና የፍሬን ዘይትን በየጊዜው መቀየር ነው።

ቢጫው የሞተር መብራት

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ 2 የተባለ አንድ ወጥ የራስ ምርመራ ሥርዓት እንዲኖራቸው ተደረገ። አውሮፓም ተመሳሳዩን በ2001 ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ደነገገች። በዚህ ሥርዓት አንድ አነስተኛ ማንበቢያ መሣሪያ በኮምፒዩተሩ የተመዘገበውን ኮድ ያወጣል። ይሁንና ኮድ ፍርድ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ለምሳሌ ያህል ፒ 0171 «ለአየሩ የደረሰው ነዳጅ አንሷል» ማለት ነው። መንሥኤው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚያስታውቀው የኦክስጅን ሴንሰር መልእክተኛ ነው፤ መልእክተኛውን ቀይሮ ገንዘብ ማባከን የተለመደ ስሕተት ነው።

በደሴ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በካርቡራተር የሚሠሩ መኪኖች በዚህ ከፍታ ነዳጅ ሊበዛባቸው ይችላል። ኮምፒዩተር ያላቸው ግን ነዳጁን በአየሩ ልክ ስለሚመጥኑ መብራቱ ሲበራ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። የባትሪ ገመድ መንቀልም ኮዱን ከማስረጃው ጋር ይደመስሳል እንጂ ብልሽቱን አይጠግንም።

የኤሌክትሪክ መኪና በሐረጎ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ጥያቄ አዲስ መልክ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲያዘቀዝቅ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከላይ ያሰላነው 9.5 ሚሊዮን ጁል 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ቁልቁለቱ ትርፍ ያስገኛል። ነገር ግን ደሴ ላይ ባትሪው እስከ ጫፍ ከተሞላ ለትርፉ ቦታ አይኖርም፤ የማቆሙ ሸክምም በተለመደው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ባትሪውን ጥቂት አጉድሎ መነሣት ይመረጣል።

በአጠቃላይ መብራት የበራበትን ባልንጀራ ለመርዳት የምንሻ ሁሉ «ምን ይቀየር?» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦ መብራቱ የሚለካው ምንድን ነው? በየትኛው ሁኔታ በራ? ከመብራቱ በፊት ምን ተነካ? መብራቱ ቀይ ከሆነ ግን ጥያቄው የሚቀርበው መኪናው በጥንቃቄ ከመንገድ ወጥቶ ከቆመ በኋላ ነው።