የክረምቱን ሣር ለማንሳት ስንት ይከፈላል?

ነሐሴ ተገባዶ ጳጉሜን ሲቃረብ በየሰፈራችን በር የሚያንኳኩ ወጣቶች ይበዛሉ። ማጭዳቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ አካፋ ተሸክመው «እማማ፣ ግቢ እናጽዳ?» ይላሉ። የቤቱ ባለቤት በሩን ገርበብ አድርገው ያስገቧቸውና «ስንት ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ ከበሩ ሳይርቁ አንዴ ዓይናቸውን ወርወር አድርገው አንድ ቁጥር ይጠራሉ። ባለቤቱ ግማሹን ይጠራሉ። ከዚያ መሐል ላይ ይገናኛሉ። በዚህ መንገድ የተቆረጠ ዋጋ ከሁለቱ አንዱን መጉዳቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ ማጭድ የያዘው ነው።

ይህን የምጽፈው በሁለቱም ወገን ስላለሁበት ነው። በአንድ በኩል በጡረታ የምተዳደር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢዬን ሙጃ የሚውጥብኝ ሴት ነኝ። በሌላ በኩል የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሚኖረው በዚሁ ሥራ ነው። ሒሳቡን የሚሠራው እኔ ሳሎን ቁጭ ብሎ ስለሆነ ደብተሩን ከእሱ እኩል አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት መስከረምን ሙሉ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ሠርተው፣ ለመስቀል ለእናቱ አንድ ነጠላ መግዛት አቅቶት ነበር። ሥራ ጠፍቶ አይደለም። ግቢ በግቢ ላይ ይዘው ነበር። ገንዘቡ የት እንደገባ ግን ሦስቱም አያውቁም።

መጀመሪያ ማየት

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ታማሚውን ሳናይ ካርድ ላይ አንጽፍም ነበር። ልጁን ያስያዝኩት ይህንኑ ልማድ ነው። አሁን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ግቢውን በእግሩ ይዞራል፤ ርዝመትና ወርዱን በእርምጃ ይለካል። የሚታጨደው አጭር ሰርዶ ነው ወይስ ደረት የደረሰ ሙጃ? ሣሩ ውስጥስ ምን ተደብቋል? እዚህ አገር ቤት ሠርቶ ፍርስራሹን ጓሮ ያልደፋ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የብሎኬት ስባሪው፣ የፌሮ ቁራጩ፣ ሚስማሩና ጠርሙሱ ሁሉ ክረምት ላይ ሣር ለብሶ ሜዳ ይመስላል። ስለዚህ ረጅም እንጨት ይዞ ሣሩን እየወጋ ድምፁን ያዳምጣል። ቀጥሎ አጥሩን ያያል። ጥድ ከሆነ በመቀስ ይስተካከላል። ኮሽም ወይም ቦገንቪሊያ ከሆነ እሾህ ስላለው ጊዜ ይፈጃል። ቅንጭብ ከሆነ የራሱ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ቆሻሻው የሚወጣበት መንገድ ነው። መኪና በር ድረስ ይደርሳል ወይስ በቀጭን መተላለፊያ አስፋልት ድረስ በሸክም ነው? ሣር ማጨድ ቀላል ነው፤ የታጨደውን ማውጣት ነው ሥራው። እርጥብ ሣር የሞላው ማዳበሪያ ምን ያህል እንደሚከብድ ያነሳው ያውቀዋል።

ከዚያ ጥያቄ ይከተላል። አሸንዳው ይጠረጋል? የውሃ መውረጃው ቦይ ይከፈታል? እነዚያ አሮጌ ጎማዎችና ጀሪካኖች ይነሳሉ? ለባለቤቷ «ግቢ ማጽዳት» ማለት ይህ ሁሉ ነው፤ ለልጆቹ ደግሞ ሣር ማጨድ ብቻ ነው። ጠቡ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቁጥሮቹ ለስሌት የወሰድኳቸው ናቸው፤ ዋጋ በየወሩ በሚለዋወጥበት በአሁኑ ጊዜ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ አካሄዱን ተከተሉ። ግቢው 250 ካሬ ነው፤ ግማሹ ቤት ነው። የፊቱ ሣር፣ የጓሮው ሙጃ፣ አንድ ጎን የጥድ አጥር አለው። ሦስት ልጆች በሁለት ቀን ይጨርሱታል፤ ስድስት የሰው ቀን ማለት ነው። ለአንድ ሰው በቀን 600 ብር ብንይዝ 3,600 ብር ይሆናል።

ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ግን ገና ነው። ለታክሲ በቀን ለአንድ ሰው 60 ብር ሲታሰብ 360 ብር። ማዳበሪያ 25 ያስፈልጋል፤ አንዱ በ30 ብር፣ 750 ብር። ማጭድና መቀስ ለማሳልና ለሚያልቀው ዕቃ 250 ብር። ጓንት 150 ብር። ቆሻሻውን ወደ ተፈቀደው ማስወገጃ ለሚወስደው ፒክአፕ 2,000 ብር። ድምሩ 7,110 ብር ነው። ዝናብ ቢመጣ፣ ሣሩ ሥር ድንጋይ ቢወጣ፣ መኪናው ቢዘገይ ብለን ከመቶ አሥር፣ 710 ብር እንጨምር፤ 7,820 ብር። ትርፍ ከመቶ አሥራ አምስት ስንጨምርበት ወደ 9,000 ብር ይጠጋል።

የእህቴ ልጅ ዱሮ እንዲህ ላለ ግቢ በዓይኑ አይቶ 5,000 ብር ነበር የሚጠራው። ከ5,000 ላይ የታክሲው፣ የማዳበሪያው፣ የሞረዱ፣ የጓንቱና የመኪናው 3,510 ብር ሲነሳ የሚቀረው 1,490 ብር ነው። ለስድስት የሰው ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 250 ብር አይሞላም። ነጠላው የቀረው በዚህ ነው።

«ደመወዛችንን አገኘን አይደል፣ ትርፍ ለምን?» ብሎኝ ነበር። ደመወዝ ዛሬ ማጭድ የያዘበት ነው። ትርፍ ደግሞ ሥራ የሌለበትን ሳምንት የሚያሻግር፣ ማጭዱን አንድ ቀን በሣር ማጨጃ ማሽን የሚቀይር ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ዕቃው ባረጀ ቁጥር ከልጆቹ ዳቦ ላይ ይቆርጣል። (ለሒሳብ ወዳጆች፦ በወጪው ላይ ከመቶ 15 ተጨመረ ማለት ከተቀበሉት ገንዘብ ከመቶ 15 ተረፈ ማለት አይደለም። ከ9,000 ላይ 1,180 ብር ሲተርፍ ከመቶ 13 ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ምሽት ፈጅቶብኛል።)

በጡረታ ለምንኖረውስ?

9,000 ብር ለአንድ ጡረተኛ ቀልድ አይደለም። አውቀዋለሁ፤ የእኔም ጡረታ ያው ነው። ግን ከልጆቹ ጉልበት ላይ ሳንቆርጥ ዋጋው የሚወርድበት መንገድ አለ። «ቀንሱልኝ» ከማለት ይልቅ «ምን ብናስቀር ይቀንሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ያስገርማችኋል።

ከጉልበቱ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ መኪናው ነው። ጓሮ ጥግ ላይ ጉድጓድ ቢቆፈርና ሣሩ እዚያው ቢበሰብስ ለጎመንና ለጽጌረዳ የሚሆን ፍግ ይወጣዋል። መኪናው 2,000 ብር፣ ከማዳበሪያው ደግሞ 500 ብር ይቀራል፤ ለቁፋሮው የግማሽ ቀን ጉልበት 300 ብር ይጨመራል። ወጪው 4,910 ይሆናል፤ መጠባበቂያውና ትርፉ ሲገባበት 6,200 ብር ገደማ ነው። ልጆቹ በቀን የሚያገኙት አልተነካም።

ላም ያለው ጎረቤት ካለም ሣሩን በደስታ ይወስደዋል። መድኃኒት የተረጨበት ከሆነ ግን እንዳትሰጡ። የወፍ ቆሎ ቅጠልና የጉሎ ፍሬም ተለቅሞ ይውጣ፤ ሁለቱም ለከብት መርዝ ናቸው፣ ጉሎው ለልጆችም። ማቃጠሉን ተዉት። አስም ያለበት የልጅ ልጅ ላለበት ቤት የእርጥብ ሣር ጭስ ምን እንደሚያደርግ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስንት ሌሊት አይቼዋለሁ።

ሌላው መንገድ ጊዜውን መለወጥ ነው። ጳጉሜን ላይ ሁሉም ሰው ግቢውን ለእንቁጣጣሽ ማሳመር ይፈልጋል፤ ልጆቹም መኪናውም ተይዘዋል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆሞ፣ መሬቱ ጠንክሮ፣ ሣሩም ቀሎ ሥራው በአጭር ቀን ያልቃል። ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ተስማምታችሁ በአንድ ቀን ካሠራችሁ ደግሞ መኪናውን ትካፈላላችሁ።

ድርድርን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ገበያ ያለ ድርድር አይሆንልኝም። ነገር ግን ከሚገባው በታች የተዋዋለ ልጅ ሥራውን እየቆረጠ ይሄዳል፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን ይዘለዋል፣ ማዳበሪያውን ማታ ወንዝ ዳር ይጥለዋል። ክረምት ሲመጣ ያ ቦይ ሞልቶ ጎርፉ ወደ አንዳችን ቤት ይገባል።

ወረቀት ላይ ይቀመጥ

አንድ ጊዜ ልጆቹ አንድ አዛውንት ግቢ ገብተው ሙጃው ሥር የተቀበረ የኮንክሪት ፍርስራሽ አገኙ። ሁለት ቀን የተባለው ሦስተኛ ቀን ገባ። ልጆቹ ጭማሪ ጠየቁ፤ አዛውንቱ «ተስማምተናል እኮ» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። መጨረሻ ላይ አዛውንቱ የግማሽ ቀን ጨመሩ፣ ልጆቹም ፍርስራሹን ግድግዳው ጥግ ከምረው ወጡ፤ ማንም ደስ አላለውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ የደብተር ገጽ ይጻፋል። ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር። ያልታየ ነገር ከተገኘ ሥራው ቆሞ ባለቤቱ ይጠራሉ፤ ፍርስራሽ በጋሪ ስንት እንደሆነም አስቀድሞ ይጻፋል። ቀብድ ሲሶው ነው፤ ማዳበሪያውንና የመጀመሪያውን ቀን ወጪ ይሸፍናል። ምሳ ከቤት የሚቀርብ ከሆነ ይጻፍ። ያልተጻፈ ምሳ በአንዱ ሐሳብ እንግዳ ተቀባይነት፣ በሌላው ሐሳብ የደመወዝ አካል ይሆናል።

የማይነኩ ተክሎችም ይጻፉ፤ እንዲያውም በጨርቅ ቁራጭ ምልክት ይደረግባቸው። ለከተማ ልጅ ኮሰረትና አረም አንድ ናቸው። ጤና አዳማቸውን ተነቅሎ ያገኙ አንዲት ጎረቤቴ ሙሉ ክፍያውን ከፍለው ሲያበቁ ለሦስት ቀን አኩርፈዋል።

የጓንቱ 150 ብር

ከሒሳቡ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው የጓንት ዋጋ ነው። እኔ ግን ከዚያ አልነቃነቅም። ግቢ የሚያጸዳ ሰው እጁን ከቆረጠ የሳምንት ገቢው ሄደ። የዛገ ሚስማር ወይም ቆርቆሮ ከወጋው ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና በደንብ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰደ ይጠየቃል። አመድ ወይም ቡና ቁስል ላይ መነስነስ ይቅር። ክፍት ጫማ አድርጎ የመጣ ልጅ ካለ እንዳትቀበሉት፤ ወይም የቤታችሁን ቦቲ አውሱት።

ቅንጭብ አጥር ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የሚቆርጠው ሰው መነጽር ማድረግ አለበት፣ ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ። ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የጡት ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አይጨመርበት። ለእንዲህ ያለ አጥር ዋጋው ከጥድ በላይ ቢጠራ ልጆቹ ስግብግብ ስለሆኑ አይደለም።

አንዳንዴ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ትንሽ ልጅ ይመጣል፤ «ማዳበሪያ ይይዝልናል» ይላሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ማሠራት ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይቻልም። ውሃ ሰጥታችሁ ወደ ቤቱ ላኩት።

ጎማና ጀሪካን ማንሳትን የጽሑፉ አካል አድርጉ ያልኩት ደግሞ በተለይ ቆላ ለምትኖሩ ነው። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ በየዕቃው በሚጠራቀም ውሃ ውስጥ ነው። ጎማ ገልብጦ ማፍሰስ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም ዋጋ አይጨምርበትም፣ ካልተጻፈ ግን ማንም አይሠራውም።

ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ከልጆቹ ጋር ግቢውን አንድ ዙር ዙሩ። አጥሩ ሥር፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ውሃ ታንከሩ ሥር እዩ። የቀረ ካለ እዚያው ይሠሩታል፤ ከሌለ በሙሉ ክፈሉ፣ «ነገ ተመለሱ» አትበሏቸው።

የእኔን ግቢ በተመለከተ ዘንድሮ በዓመት አንዴ መጨነቁን ትተን ተስማምተናል። በክረምቱ ወራት በየወሩ አንድ ልጅ ለግማሽ ቀን ይመጣል፤ ጉልበቱ 300፣ ታክሲና ሞረድ 100፣ ትርፍና መጠባበቂያው ተደምሮ 500 ብር። ሣሩ ጉልበት ሳያወጣ ስለሚታጨድ መኪናም ማዳበሪያም አላስፈለገም፤ ጉድጓዱ ይበቃል። የእህቴ ልጅ ዘመድ ነኝ ብሎ ሊቀንስልኝ ፈልጎ ነበር፤ ደብተሩን አውጥቼ አሳየሁት።