የበረዶ ጠረጋ አገልግሎት አመራረጥ

የበረዶ ጠረጋ አገልግሎት በብርድ ወራት የሚወርደውን በረዶ ከመኪና መግቢያ፣ ከመኪና ማቆሚያና ከእግረኛ መንገድ ላይ በክፍያ የማንሳት ሥራ ነው። በሰሜን አሜሪካ ብርዳማ ከተሞች ብዙ የቤትና የሕንፃ ባለቤቶች ሥራውን ለተቋራጭ ይሰጣሉ። ሆኖም ተቋራጭ መቅጠር ባለቤቱን ከከተማው ደንብ ነፃ አያደርገውም። በመሆኑም ከዋጋው በፊት ውሉ ከደንቡ ጋር መጣጣሙ መታየት አለበት።

የከተማ ደንብ

ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ፣ ከንብረቱ ጎን ያለውን የእግረኛ መንገድ የሚያጸዳው ባለንብረቱ ነው። በረዶው መውረድ ካቆመ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቤተሰብ የተሠራ ቤት በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አፓርታማና የንግድ ሕንፃ ደግሞ ቀን ቀን በሚቆጠር 4 ሰዓት ውስጥ መጽዳት አለበት። ካልጸዳ ከተማው አስጠርጎ ወጪውን ከባለቤቱ ይጠይቃል።

የመነሻ መጠን

አብዛኞቹ ውሎች ተቋራጩ የሚመጣበትን ዝቅተኛ የበረዶ መጠን ይወስናሉ፤ 5 ሴንቲሜትር (2 ኢንች) የተለመደ ነው። ደንቡ ግን ለትንሽ በረዶም ይሠራል። ስለዚህ 3 ሴንቲሜትር ቢወርድ ተቋራጩ ላይመጣ ይችላል፤ ተጠያቂው ግን ባለቤቱ ነው። የተረገጠ ስስ በረዶ ሌሊት ሲጠጥር በጣም ስለሚያንሸራትት፣ ለእግረኛ መንገድ ዝቅ ያለ መጠን ለይቶ መዋዋል ይጠቅማል።

የአከፋፈል ዓይነቶች

* በምልልስ፦ ተቋራጩ በመጣ ቁጥር ይከፈላል።
* በመጠን፦ ክፍያው በወረደው በረዶ ውፍረት ይሰላል።
* በወቅት፦ ለብርዱ ወራት በሙሉ አንድ ቁርጥ ዋጋ ይከፈላል።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 3 ቀን 1991 በሚኒያፖሊስ 72 ሴንቲሜትር ያህል በረዶ ወርዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በምልልስ የተዋዋለ ሰው ለአንድ ውሽንፍር ደጋግሞ ይከፍላል። የወቅት ውል ወጪውን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ በረዶ ባነሰበት ዓመት ግን ውድ ይሆናል።

ጨው

ጨው ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርጋል። ተራ ጨው ከ−9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እምብዛም አይረዳም፤ ካልሲየም ክሎራይድ ግን ከዚያም በታች ይሠራል። አሸዋ አያቀልጥም፤ መንሸራተትን ብቻ ይቀንሳል። ከጨው የሚወጣው ክሎራይድ ወደ ሐይቅና ወንዝ ስለሚገባና በቀላሉ ስለማይወገድ፣ የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር ኤጀንሲ ስለ ጨው ቁጠባ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ከመፈረም በፊት

የሚከተሉት በጽሑፍ መረጋገጥ አለባቸው፦

* ሥራው የሚጠናቀቅበት ሰዓት፤
* ጨው መነስነስ በዋጋው ውስጥ መካተቱ፤
* ጉዳት ቢደርስ የሚሸፍን፣ ጊዜው ያላለፈ የመድን ማስረጃ፤
* መኪናው ቢበላሽ የሚተካው መኖሩ፤
* በረዶው የሚከመርበት ቦታ። ክምሩ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃን መሸፈን የለበትም፤ ቀልጦ ወደ መተላለፊያ የሚፈስ ከሆነም ሌሊት መልሶ ይጠጥራል።