ጉጉቱ የት ገባ? የሲግኖሲስ ታሪክና የመስኮት ዓርማው

አንድ የቪዲዮ ጌም ከመጀመሩ በፊት በመስኮቱ ላይ ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ዓርማ ለብዙዎች ተራ መጠበቂያ ይመስላል። ዳሩ ግን ዓርማው የሥራው ማኅተም ነው፤ ከጌሙ በስተጀርባ ማን እንደቆመ ይመሰክራል። በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ሊቨርፑል ተወልዶ እዚያው የከሰመው ሲግኖሲስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ድርጅቱ እ.አ.አ በ1984 የተመሠረተው በሌላ ድርጅት ፍርስራሽ ላይ ነው። ኢማጅን ሶፍትዌር የተባለው የሊቨርፑል ኩባንያ በዕዳ ተዘፍቆ ሲወድቅ የቢቢሲ የቀረጻ ቡድን ሁነቱን በካሜራ እያስቀረ ነበር። ከዚያ ውድቀት የወጡት ኢያን ሄዘሪንግተን እና ዴቪድ ላውሰን ከጆናታን ኤሊስ ጋር ሆነው ሲግኖሲስን አቋቋሙ። የመጀመሪያ ጌማቸው ብራታካስም በኢማጅን ተጀምሮ ከቀረው ባንደርስናች ከተሰኘው ውጥን የተወለደ ነው።

ዓርማውን የነደፈው የየስ የሙዚቃ ቡድንን የአልበም ሽፋኖች በመሥራት ዝናን ያተረፈው ሠዓሊ ሮጀር ዲን ሲሆን፣ መለያውም የጉጉት ምስል ነው። “ግኖሲስ” በግሪክኛ ዕውቀት ማለት ነው፤ ጉጉትም በጥንታዊ ግሪካውያን ዘንድ የጥበብ አምላክ ተደርጋ የምትታየው የአቴና ወፍ ነው።

የዘመኑ ቴክኖሎጂም ለዓርማው ዕድል ሰጥቶታል። በአሚጋ ኮምፒዩተር ጌም የሚጫነው ከፍሎፒ ዲስክ በመሆኑ ጊዜ ይወስድ ነበር። ተጫዋቹም ጨዋታው እስኪከፈት ድረስ ዓርማውን እያየ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ጉጉቱ የታየበት ጌም ሁሉ የሲግኖሲስ የእጅ ሥራ አልነበረም። እ.አ.አ በ1989 የወጣውን ሻዶው ኦፍ ዘ ቢስት የሠራው ሪፍሌክሽንስ ነው። በ1991 ለገበያ የቀረበውን ሌሚንግስ ደግሞ የስኮትላንዱ ዲኤምኤ ዲዛይን ሠርቶታል። ሲግኖሲስ የሁለቱም አሳታሚ ነበር። ስለዚህ ዓርማን ብቻ ዐይቶ የሚፈርድ ሰው የሠሪዎቹን ድካም ለአሳታሚው ሊሰጥ ይችላል።

ሶኒ ሲግኖሲስን የገዛው እ.አ.አ በ1993 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ዋይፕአውት የተሰኘው የእሽቅድድም ጌም የፕሌይስቴሽን መታወቂያ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ዳሩ ግን በአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ ድርጅቱ “ስቱዲዮ ሊቨርፑል” ተብሎ ተሰየመ፤ የቀድሞ ስሙ ከነጉጉቱ ከአዳዲስ ጌሞች መስኮት ጠፋ። በነሐሴ ወር 2012 እ.አ.አ ደግሞ ሶኒ ስቱዲዮውን ዘጋው።

አንድ የቆየ ጌም በአዲስ ባለቤት ስም ዳግም ሲወጣ የመግቢያ ዓርማው ሊቀየር ወይም ሊወገድ ይችላል። ፍሎፒ ዲስክም በጊዜ ብዛት ይበላሻል። የመጀመሪያው ቅጅ ከነመግቢያው ተጠብቆ ካልቆየ፣ የሥራውን ትውልድ የሚናገረው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። የቆዩ ጌሞችን የሚያሰባስቡ ቤተ መዘክሮች ከጨዋታው በፊት የሚታዩትን እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች ጭምር ሊጠብቁ የሚገባቸውም በዚህ ምክንያት ነው።