ከዌስትላንድስ ባሻገር፦ በሰው አገር ሠልጥነው ለአገራችን የዘመቱ

በናይሮቢ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ዌስትላንድስ የሚባል ሠፈር አለ። ዛሬ ፎቆች የበዙበት፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ፈጣን መንገድ የሚያበቃበት የንግድ አካባቢ ነው። ከዚህ ሠፈር ወደ ምዕራብ የሚወጣው ጎዳና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጊልጊል ከተባለችው ከተማ ያደርሳል። የጦር ሠራዊት ቤተሰብ የሆንን ሁሉ ይህችን ከተማ ልናውቃት ይገባል እንላለን።

ኢጣሊያ ሰኔ 1932 ዓ.ም. በዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች በወሩ፣ አንደኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከደርባን በመርከብ ተጉዞ ሞምባሳ ደረሰ፤ ጊልጊልም ሠፍሮ ልምምዱን ጀመረ። የናይጄሪያና የዛሬዋ ጋና፣ የያኔዋ ጎልድ ኮስት፣ ብርጌዶችም ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው ኬንያ ከተሙ። የምሥራቅ አፍሪካ ልጆችም በኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ሥር ተሰልፈው ነበር። ከፊታቸው የሚጠብቃቸው የሰሜን ኬንያ በረሃ ውሃ የሌለበት፣ መንገድ ያልወጣለት ምድር ነበረና መሐንዲሶቹ ጉድጓድ እየቆፈሩና ጎዳና እየጠረጉ ለጦሩ መተላለፊያ አበጁ።

የእኛም ወገኖች በዚያው በኬንያ ነበሩ። በጠላት ወረራ ዘመን ድንበር ተሻግረው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያ ኢሲዮሎ፣ ኋላም ታቬታ በተሠራላቸው ሠፈር ተጠልለው ነበር፤ ከመካከላቸውም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከእነዚሁ ስደተኞች ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን ተመለመለ። ባታሊዮኑ ወደ ሱዳን ተሻግሮ በጎጃም በኩል ዘመተ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻም ደምበጫ አጠገብ ብርቱ ውጊያ ገጠመ። ስደተኛው ሰው ወታደር ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በደቡብ በኩል የተነሣው ጦር ደግሞ ታኅሣሥ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ኤል ዋቅን መታ። ናይጄሪያውያን ከሞቃዲሾ ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋ ገቡ። መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ነፃ ወጣች።

ይህ ድል ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በናይሮቢ በንጎንግ መንገድና በጊልጊል በሚገኙት የጦርነቱ መካነ መቃብሮች ብዙ ወታደሮች አርፈዋል። ስለ ዘመቻ ሲወራ የብርጌድና የጄኔራል ስም ይጠራል፤ በደርባን፣ በሌጎስና በኩማሲ መንገድ መንገድ ስታይ የከረመችውን ሚስት የሚያነሣት ግን ጥቂት ነው። በታቬታ ልጆቿን ታቅፋ የጠበቀች ኢትዮጵያዊትም ከእነርሱ አታንስም። ወታደሩ ጠመንጃውን ሲሸከም እርሷ የቤቱን ጭነት ተሸክማለች።

እኛም ብድሩን መመለስ እናውቅበታለን። ከ10 ዓመት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ የሌላውን አገር ነፃነት ለማስከበር ወደ ኮሪያ ሲሄድ፣ ኢትዮጵያውያት ሚስቶችና እናቶች በተራቸው መንገድ መንገድ የሚያዩ ሆነዋል።

ስለዚህ እኅቶቻችን ሆይ፣ የቤትዎ አባወራ ከሩቅ ግዳጅ ላይ ከሆነ የሕፃኑን ትምህርት፣ የጎረቤቱን ሰላምታ፣ የቤቱን ወሬ ሳይንቁ ያድርሱት። ወንድሞቻችን ሆይ፣ እናንተም ድምፃችሁን አታጥፉ። ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁም፣ ለነፃነታችን ከሩቅ አገር መጥተው የወደቁ እንዳሉ ንገሯቸው።