የማይጋሽብ ጤፍ ለማን ይደርሳል?

ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ሰብሉ ሲያምርለትም ይሰጋል። ዛላው ፍሬ ይዞ በከበደበት ወቅት ዝናብ ከነፋስ ጋር ከመጣ፣ ቀጭኑ አገዳ ሸክሙን መቋቋም ያቅተውና ማሳው በአንድ ሌሊት ይጋሽባል። የተኛው ዛላ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ፍሬው በቅጡ አይሞላም፤ ለአጨዳም አይመችም። ዩሪያ ሲጨመር ደግሞ አገዳው ይበልጥ ስለሚረዝም አደጋው ይብሳል። ገበሬው የተመከረውን ማዳበሪያ ሙሉውን ለመጨመር ሲያመነታ በቂ ምክንያት አለው።

ሩዝ ከዚህ ችግር የወጣው በማጠር ነው። በፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው አይአር8 የተባለ ዝርያ ኤስዲ1 የሚባለው ዘረመሉ የተሰናከለ ነበር። ይህ ዘረመል ጂብረሊን የተባለውን አገዳ የሚያስረዝም ሆርሞን ለመሥራት ያገለግላል። ሥራው ሲቋረጥ ተክሉ አጥሮና ጠንክሮ ይቆማል።

ጤፍ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ለረጅም ጊዜ ማዳቀሉ ራሱ አይሳካም ነበር፤ አበባው እጅግ ደቃቅ ነው፣ የሚከፈተውም ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ምስጢር ተመራማሪው ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከደረሱበት ወዲህ፣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በማጉያ መነጽር እያዩ በወረንጦ ሲያዳቅሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ የዚህ ልፋት ፍሬ ነው። ምርቱ ጨመረ፤ መጋሸቡ ግን አልቀረም።

ጤፍን እንደ ሩዝ ለማሳጠር ዋናው እንቅፋት ያለው ሕዋሱ ውስጥ ነው። ጤፍ ከሁለት የተለያዩ ሣሮች መዋሐድ የተገኘ ስለሆነ፣ እንደ ሩዝ ያሉ ሰብሎች የእያንዳንዱን ዘረመል ሁለት ሁለት ቅጂ በሚይዙበት ቦታ እርሱ አራት ይይዛል። አንዱ ቅጂ ቢሰናከል የቀሩት ሦስቱ ሥራውን ይሸፍናሉ። በጨረር ወይም በኬሚካል የሚመጣ የዘፈቀደ ለውጥ አራቱን በአንድ ተክል ላይ እንዲያገኛቸው መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው ማለት ይቻላል።

ክሪስፐር የተባለው የዘረመል አርትዖት ዘዴ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አጭር አርኤንኤ ከተፈለገው ዘረመል ጋር የሚገጥመውን ስፍራ ፈልጎ ያገኛል፤ ካስ9 የተባለው ኢንዛይም ተከትሎ ይቆርጣል። ሕዋሱ ቁርጡን ሲጠግን ጥቂት የዘረመል ፊደላት ይጥላል ወይም ይጨምራል፤ ዘረመሉም ሥራውን ያቆማል። መሪው አርኤንኤ ከአራቱም ቅጂዎች ጋር እንዲገጥም ሆኖ ከተሠራ አራቱንም መቁረጥ ይቻላል። በአሜሪካ ሚዙሪ የሚገኘው የዳንፎርዝ ዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪ ጌቱ በየነና ባልደረቦቻቸው፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኮርቴቫ ኩባንያ ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ ይህን በጤፍ ኤስዲ1 ዘረመል ላይ መፈጸማቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ። ያጠሩት ተክሎች ሰው ሠራሽ ነፋስና ዝናብ ሲለቀቅባቸው ካልተነካው ጤፍ በተሻለ መጋሸብን ተቋቁመዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ነው። መቁረጫው ራሱ ርካሽ ሆኗል። ውዱ ነገር የተቆረጠውን ሕዋስ በንጹሕ ክፍል ውስጥ አሳድጎ ሙሉ ተክል ማድረስ ነው፤ የማይቋረጥ መብራት፣ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካልና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ይህ አቅም በሆለታው የባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ካልተደላደለ፣ የትኛው ዝርያ በቅድሚያ ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ይሆናል። የፈጠራ ባለቤትነትም አለ፤ ዘዴውን ለምርምር በነጻ የሚፈቅዱ ውሎች ዘሩ ገበያ ሲወጣ ሌላ ድርድር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ድርድሩ ዘሩ ከመባዛቱ በፊት ያልቅ።

የሕጉም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ በ2015 የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ የታሰበው በዋናነት የባዕድ ዘረመል ለገባባቸው ልውጠ ሕያዋን ነው። በአርትዖት የተሠራ ጤፍ ግን የካስ9 ዘረመሉ በቀጣዩ ትውልድ ተለይቶ ከወጣለት በኋላ የባዕድ ዘረመል አይኖርበትም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኬንያም በ2022 ለአርትዖት የተለየ መመሪያ አውጥተዋል። እኛም ግልጽ መመሪያ ያስፈልገናል።

በአንድ ነገር ግን ጤፍ ለአነስተኛ ገበሬ የተመቸ ነው። የበቆሎ ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ካልተገዛ ጉልበቱን ያጣል። ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከአውድማ የተቀመጠ ዘር ከርሞም ያንኑ ባሕርይ ይዞ ይበቅላል፤ ጎረቤት ለጎረቤት በቁና ይሰጣጣዋል። ዘር ሻጭ ኩባንያ ብዙም የማያተርፍበት ሰብል በመሆኑ ወጪውን መሸፈን ያለበት የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ከተሸፈነ ደግሞ ትሩፋቱ እጅ በእጅ ይስፋፋል።

ከዚያ በፊት ግን የጭዱ ጥያቄ መመለስ አለበት። የጤፍ ጭድ የበሬ መኖ ነው፣ ለግድግዳም ከጭቃ ጋር ይቦካል፤ በበጋ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። አገዳ ሲያጥር ጭዱ ምን ያህል ይቀንሳል? ማሳው ሳይጋሽብ የሚተርፈው ፍሬስ ያካክሰዋል? ሙከራው በገበሬው ማሳ ላይ ሲደረግ ፍሬው በኩንታል ሲመዘን ጭዱም አብሮ ይመዘን፤ ዝርያው ይለቀቅ ሲባልም ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ይቅረቡ።