ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና እስከ ኦል ሴንትስ፦ በእግር የሚነበብ ታሪክ

ልጆቻችን የፋሲል ግንብንና ላሊበላን በሥዕል ያውቃሉ። ከሳውዝ ሲ በማታቱ ተሳፍረው የሚመላለሱበትን የናይሮቢን መሀል ከተማ ግን ብዙዎቹ የሚያውቁት በመኪና መጨናነቁ ብቻ ነው። ይህ የእኛ የመምህራንም ጉድለት ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ያለ አስጎብኚ በግማሽ ቀን ሊያዳርሰው የሚችል የእግር መንገድ ቀጥሎ እናሳያለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችን ኃይለ ሥላሴ ጎዳናና ሞይ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ነው። ልጆች የመንገዱን ስም ራሳቸው ያንብቡ፤ የእኛ ንጉሠ ነገሥት ስም እዚህ ለምን እንደ ተጻፈም ወላጆቻቸውን ይጠይቁ። በዚሁ ጥግ ነሐሴ 1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ ቦታው የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ ነው፤ የሟቾቹ ስምም በግንቡ ላይ ተቀርጿል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ሄደን በፓርላማ መንገድ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። ባለ ሰዓት ማማው ፓርላማ ነው፤ በ1978 ያረፉት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ መቃብርም በግቢው ይገኛል። ፎቶ ከማንሳት በፊት ጥበቃዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥቂት አለፍ ብሎ የቅድስት ቤተሰብ ካቴድራል አለ። ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 የተጠናቀቀ ሲሆን ንድፉን ያወጣችው ዶሮቲ ሂዩዝ የተባለች ሴት አርክቴክት ናት። ልጆች ይህን ረጅም የኮንክሪት አዳራሽ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ካለው ክብ ቤተ ክርስቲያናችን ጋር ያነጻጽሩ። ከዚያው አካባቢ ሆኖ በ1973 የተጠናቀቀው ባለ 28 ፎቁ የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከልም ይታያል።

ኡሁሩ አውራ ጎዳናን በጥንቃቄ ተሻግረን ኡሁሩ ፓርክ እንገባለን። ይህ መናፈሻ ዛሬ የሁሉም የሆነው በትግል ነው። በ1989 ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራበት ሲታቀድ ዋንጋሪ ማታይ ተቃውማ አስቀርታዋለች። በ1992 ደግሞ በፖለቲካ የታሰሩ ልጆቻቸው እንዲፈቱ የጠየቁ እናቶች «የነፃነት ጥግ» በሚባለው ስፍራ ምግብ ሳይቀምሱ ተቀመጡ። ፖሊስ ደብድቦ ሲበትናቸው መጠለያ ያገኙት ከኬንያታ ጎዳና ማዶ ባለው በኦል ሴንትስ ካቴድራል ነበር። በ1993 ከልጆቻቸው አብዛኞቹ ተፈቱ።

የመጨረሻው ማረፊያችንም ይኸው ካቴድራል ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1917 ተቀምጦ ግንባታው ያለቀው በ1952 ነው። ሾጣጣ ቅስቶቹና ግራጫው ድንጋዩ ዓይን ይስባሉ፤ እኛ ግን ልጆቹ ከሁሉ በላይ ምድር ቤቱን እንዲያስታውሱ እንፈልጋለን፤ እነዚያ እናቶች የተጠለሉት እዚያ ነውና። ቤተ ክርስቲያን የተበደለ ሰው መማጸኛ መሆኗን እኛም ከአያቶቻችን ሰምተናል። ልጅ መጠበቅ ምን እንደሆነ ደግሞ ከመካከላችን የሚያውቁ እናቶች ጥቂት አይደሉም።

እሑድ መኪና ይቀንሳል፤ ነገር ግን የጸሎት ሰዓት ስለሆነ ወደ ካቴድራሎቹ ለመግባት ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል። ውኃና ጥላ አይረሳ። በየቦታው ልጁ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያንብብና ለወላጁ በአማርኛ ይንገር፤ ወላጁም የሚያውቀውን ይጨምርለት። ተማሪዎች ሆይ፣ ያያችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡልን፤ የከርሞው መጽሔታችን በእናንተ ጽሑፍ ይከፈታል።