ቲምፕሲላ

ቲምፕሲላ (ሮማይስጥ፦ ፔዲዮሜሉም ኤስኩሌንቱም) በሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳዎች በዱር የሚበቅል፣ ብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። አስተኔው የአተር፣ የባቄላና የግብጦ ነው፤ የሚበላው ግን እንደነዚህ ዘመዶቹ ፍሬው ሳይሆን ከመሬት በታች ያበጠው ሥሩ ነው። «ቲምፕሲላ» ከላኮታ ሕዝብ ቋንቋ የተገኘ ስም ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የቆዳ ነጋዴዎች «ነጭ ፖም» ወይም «የሜዳ ፖም» ይሉት ነበር። የወገኑ ስም ፔዲዮሜሉም በግሪክኛ ይህንኑ «የሜዳ ፖም» ማለት ነው፤ ኤስኩሌንቱም ደግሞ በሮማይስጥ «የሚበላ» ነው።

የተክሉ ባሕርይና አስተዳደግ

ቁመቱ ከ10 እስከ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሣሩ ሲያድግ በቀላሉ አይታይም። አገዳው በረጃጅም ነጭ ጸጉር ስለተሸፈነ ተክሉ ከሩቅ ግራጫማ ይመስላል። እያንዳንዱ ቅጠል እንደ እጅ ጣቶች ከአንድ ነጥብ የሚዘረጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ክፍሎች አሉት። የግብጦን ቅጠል ያየ ሰው ቅርጹን ወዲያው ይገምታል።

አበባው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ጥቅጥቅ ባለ ዘለላ ይወጣል። ቀለሙ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሲሆን እያረጀ ሲሄድ ወደ ቡናማ ቢጫ ይለወጣል። ቅርጹ የአተር አበባ ነው፦ አንድ ሰፊ የአበባ ቅጠል ከላይ ይቆማል፣ ሁለት እንደ ክንፍ በጎን ይሆናሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከታች ተጣምረው እንደ ጀልባ ይጎብጣሉ። ፍሬው ትንሽና ጸጉራም ነው፤ ጫፉ እንደ ወፍ ምንቃር ይሾላል፣ በውስጡም በአብዛኛው አንድ ዘር ብቻ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው የዚህ ተክል ዋና ልዩ ባሕርይ ነው። ዘሩ ሲበስል አገዳው ደርቆ ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ይሰበራል። ነፋስ የተሰበረውን ክፍል በሜዳው ላይ እያንከባለለ ይወስደዋል፤ ዘሩም በየመንገዱ ይበተናል። ሥሩ ግን እዚያው ሕያው ሆኖ ይቀራል፣ ከላይ ቦታውን የሚያመለክት ምንም ነገር ሳይኖር። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ሥር አዲስ አገዳ ይወጣል። የሜዳ እሳትም ሆነ የክረምት ብርድ ከላይ ያለውን ቢያጠፋው እንኳ ተክሉ አይሞትም።

ያበጠው ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ከላይና ከታች የሚቀጥን ነው። ወፍራም ጥቁር ቡናማ ልጣጭ አለው፤ ሲላጥ ነጭ ነው። የሚያድገው በዝግታ ሲሆን ከዘር ተነሥቶ ለመበላት የሚበቃ መጠን ላይ ለመድረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል።

በብዛት የሚገኝበት መልክዓምድር

ከደቡብ ካናዳ (ሳስካቼዋን፣ ማኒቶባ) እስከ ቴክሳስ በተዘረጉት ታላላቅ ሜዳዎች፣ በተለይ ባልታረሰ ደረቅ መሬትና በኮረብታ ጎን ይገኛል። ማረሻ ሥሩን ቆርጦ ስለሚገለብጠው፣ አንዴ የታረሰ ሜዳ ላይ ተመልሶ እምብዛም አይታይም። አብዛኛው ሜዳ ወደ ስንዴና በቆሎ እርሻ ስለተለወጠ የሚያድግበት ቦታ እጅግ ጠቧል።

የተክሉ ጥቅም

ላኮታን ጨምሮ የሜዳው ሕዝቦች ሥሩን በጥሬው ይበላሉ፣ ከሥጋ ጋር ይቀቅላሉ፣ ወይም አድርቀው ይፈጩታል። የተላጠውን ሥር በቀጭን ጭራው እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ሰቅለው ያደርቁታል፤ እንዲህ የደረቀው ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ላኮታዎች በሰኔ አካባቢ የሚውለውን ወር በዚሁ ተክል ዘር መብሰል ይጠሩታል።

ወሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። አገዳው ከተሰበረ ሥሩን የሚያገኘው የለም፤ ዘሩ ሳይበስል ከተቆፈረ ደግሞ ምትክ አይተርፍም። ስለዚህ የሚቆፈረው በመካከላቸው ባሉት ጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ ጠንቃቃ ቆፋሪ ዘር የያዘውን ራስ ወደ ጉድጓዱ መልሶ አፈር ያለብሰዋል። እናቶች ለልጆቻቸው «ተክሎቹ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ» ይሏቸዋል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደሚያመለክትበት የሄደ ልጅ ሌላ ያገኛል። ቅርንጫፎቹ ወደየአቅጣጫው ስለሚዘረጉ ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

በግንቦት 8 ቀን 1805 እ.ኤ.አ. የሾሾን ተወላጅዋ ሳካጋዊያ ይህን ሥር ከኮረብታ ጎን ለቅማ ለአሳሹ ዊልያም ክላርክ አቀመሰችው። ባልደረባው ሜሪዌዘር ሉዊስ ተክሉን በማስታወሻው በዝርዝር ገልጾ፣ ለብቻው ሲበላ ጣዕም የለውም ብሏል። ፍሬደሪክ ፑርሽ በ1814 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ሶራሊያ ኤስኩሌንታ ብሎ ሰየመው፤ ፔር አክሰል ሪድበርግ በ1919 እ.ኤ.አ. ወደ አሁኑ ወገን አዛወረው።

በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በሽታ የአውሮፓን ድንች ሲያጠፋ፣ ላማር ፒኮ የተባለ ተጓዥ በድንች ፈንታ እንዲለማ ብሎ ወደ ፈረንሳይ አመጣው። ሙከራው አልሰመረም፤ ድንች በአንድ ወቅት የሚሰጠውን ቲምፕሲላ በዓመታት እንኳ በችግር ይሰጣል።